የላም ዕድሜ በአምስት ደቂቃ

ላም ስንት ዓመቷ እንደሆነ አፏን ከፍቶ ጥርሷን በማየት ማወቅ ይቻላል። ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት። አንብቤ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ለሌላ ሰው ላስረዳ፣ ያውም በቪዲዮ ላስረዳ ያልኩ ዕለት ነው ጣጣው የመጣው።

ነገሌ ቦረና ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትውልዴ ሀገረ ማርያም ነው፤ አሁን ቡሌ ሆራ የሚባለው። የቡና አገር ልጅ ስለሆንኩ ላም አውቃለሁ ብዬ ፎክሬ አላውቅም። ወተት አውቃለሁ። ከብት አርቢ መሀል ተቀምጦ ወተት ብቻ የሚያውቅ የባዮሎጂ መምህር መሆን ምን እንደሚመስል ተማሪዎቼን ጠይቋቸው። ግማሾቹ ላም ስታምጥ እጃቸውን እስከ ክርን አስገብተው ያዋለዱ ናቸው። እኔ የምጨምርላቸው የነገሩን ስም ብቻ ነው።

ባለቤቴ ራሄል ነርስ ናት። ዶሎ ኦዶ አንድ ክሊኒክ ቀጥሯት ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ልጃችንን ሲፈንንም ይዛት ሄዳለች። ሲፈን ስትሄድ አንድ ዓመቷ ነበር፣ አራት ጥርስ ነበራት። ከዚያ ወዲህ የበቀሉትን ያየሁት በስልክ ነው። ራሄል ስልኩን ታስጠጋና «ለአባ ጥርስሽን አሳዪው» ትላታለች፤ ልጅቷ አፏን ትከፍታለች፤ በዚያች ቅጽበት ምስሉ ቀጥ ይላል። እኔ ከቆመ ምስል ላይ ጥርስ እቆጥራለሁ። ስምንት ይሁኑ አሥር ሳልለይ መስመሩ ይቋረጣል።

አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። ሲፈን ሳምንቱን ሙሉ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገችብኝ። ነገሌ ተመልሼ በስልክ ስደውል ግን ስታየኝ በደስታ ጮኸች። እውነተኛው አባቷ የስልኩ ነበር፤ በአካል የመጣው ሰውዬ እንግዳ ነው። ራሄል ይህንን እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ዶሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር እንደሚፈልግ ሰማሁ። አንዳንዱን ትምህርት በቪዲዮ ስለሚሰጡ ፎቶና ቪዲዮ እየሠራ ማስተማር የሚችል፣ ለዚህም የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ነው የሚሹት። ወረቀቱን ከያዝክ ና፣ ከሌለህ አትድከም አሉኝ። ስለዚህ ኦንላይን ኮርስ ተመዘገብኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሌላው ሰው ከሥራ ወጥቶ አረፍ ሲል እኔ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ከግቢያችን ግንብ ላይ እወጣ ነበር። የአከራዬ ሚስት መጀመሪያ ሰሞን ጤናዬን ተጠራጥራ ነበር፤ በኋላ ለምዳኝ ግንቡ ላይ እራቴን ማቀበል ጀመረች።

ከኮርሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ብርሃን ከፊት ይምጣ፤ ነፋስ ካለ ድምፅ አይሰማም፤ የሚታይ ነገር ካለ አትለፍልፍ፣ አሳይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደጋግመው ያስጠነቀቁን አንድ ነገር አለ፤ ካሜራውን እንደ ዕቃ አትዩት፣ ከውስጡ ሰው ተቀምጧል ብላችሁ አናግሩት። ይህችን ምክር ያዙልኝ። ኋላ እሷ ናት ጉድ የሠራችኝ።

የመጨረሻው ፈተና እንዲህ ነው። አንድ ነገር በአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አስተምር። የሚቀርጸው የኮርሱ መተግበሪያ ራሱ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል፤ መቁረጥ የለም፣ መቀጠል የለም። ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል። ሁለቱን ካልወደድካቸው ትሰርዛቸዋለህ፤ ሦስተኛው ግን ወደድክም ጠላህም ኔትወርክ ባገኘ ሰዓት ይሄዳል። ማብቂያው ቅዳሜ ማታ ነው። እኔም የላምን ዕድሜ በጥርሷ ማወቅ የሚል ርዕስ ሞልቼ ላክሁ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ አደረግሁ። በትልቅ ካርቶን ላይ የላም ጭንቅላት ስዬ፣ አፏን ከፍቼ፣ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ነጭ ቀብቼ አመጣሁ። ለሁለት ቀን የሠራሁት ሥዕል ነው። ስልኩን መስኮት ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከሊበን ገጠር የመጣች ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ላም ናት።»

«ላም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም እኮ» አለች፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙብኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እውነቷን ነው። ላም ከላይ በፊት በኩል ድድ እንጂ ጥርስ የላትም፤ መጽሐፉም ይላል። እኔ ግን ሥዕሉን ስሠራ መስታወት ይዤ የራሴን አፍ አይቼ ነበር የሳልኩት። ክፍሉ አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ አዘኑልኝ። ቪዲዮውን ሰረዝኩት፤ ካርቶኑን የአከራዬ ዶሮዎች ተኝተውበታል።

አርብ ዕለት ነገሩን ለባለሙያ ልስጠው ብዬ ፎቶ ዋሪዮ ዘንድ ሄድኩ። ዋሪዮ የፎቶ ቤት ባለቤት ነው፤ በከተማችን ያገባ ሰው ሁሉ በእጁ አልፏል። ሥዕል ይብቃኝ ብዬ ከሥጋ ቤት የላም መንጋጋ ከነጥርሱ በፌስታል ይዤ ነበር። ዋሪዮ መንጋጋውን አየ፣ እኔን አየ። ኮት አለበሰኝና ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት አቆመኝ። በአጠገቤ የፕላስቲክ አበባ አኖረ።

«ዋሪዮ፣ አበባው ለምንድን ነው?»

«ቲቸር፣ ያለ አበባ ባዶ ይሆናል። ትከሻህን ዘንበል አድርግ። አገጭህን ቀና። አሁን በቀስታ ወደ መንጋጋው ዞረህ ፈገግ በል።»

ሃያ ዓመት ሙሽራ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው፤ በእጅ የተያዘውን ነገር ሁሉ በፍቅር ካላስመለከተ አይረካም። ሁለት ደቂቃ ያህል ወደ መንጋጋ ፈገግ ስል በሩ ተከፍቶ እውነተኛ ሙሽሮች ገቡ። ሙሽራዋ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ለሚዜዋ አንድ ነገር ሹክ አለቻትና ተያይዘው ወጡ። ዋሪዮ ቀረጻውን ትቶ ተከትሏቸው ሮጠ። ያኔ ለመለማመጃ ያነሳኝን ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ከሙሽሮቹ መሀል መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል። መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ወላጆችም አይተውታል።

ቀረችኝ አንዷ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሁለቴ አፍስሻለሁ፣ ለመልቀም ጊዜ አልነበረኝም። ዋሪዮ ሙሽሮቹን ያጣው በእኔ ምክንያት ቢሆንም እሱ ራሱ ነው መላ ያመጣው። «ላም ከነሕይወቷ እያለች በሞተ መንጋጋ ምን አደከመህ» አለኝ። የአከራዬ ታላቅ ወንድም ኦቦ ጎልቻ ከከተማው ወጣ ብለው ቡሬ የምትባል ገራም ላም አለቻቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በባጃጅ ሄድን፤ ዋሪዮ ሦስት እግር ያለውን የካሜራ ማቆሚያ ታቅፎ።

ኦቦ ጎልቻ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታውን እንደ ወጉ አደረስን። የእሳቸውን ጤና፣ የቤታቸውን፣ የልጆቻቸውን፣ የከብቶቻቸውን፣ የግጦሹን፣ የውሃውን ጠየቅን፤ እሳቸውም የእኛን ጠየቁ። ወተት ጠጣን። ይህ ሁሉ ከቀረጻው በፊት ስለሆነ በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ሰላምታ አለቀ፣ አሁን የሚቀረው ሥራ ብቻ ነው ብዬ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ቡሬ ምን ሆነች?» አሉ።

«ምንም አልሆነች፣ አባቴ። ዕድሜዋን በጥርሷ ልናሳይ ነው።»

«ዕድሜዋን እኔ አውቃለሁ።»

«እርስዎማ ያውቃሉ። ግን በጥርሷ…»

«ስትወለድ ነበርኩ» አሉ።

ቢሆንም ሞከርኩ። «ስትወለድ ላልነበረ ሰው ነው የምናስረዳው» አልኩ። ኦቦ ጎልቻ በትራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ አሰቡበት።

«ስትወለድ ያልነበረ ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «አሁን አፏን ከፍቶ ምን ሊያገኝ ነው?»

ሊገዛት ሲፈልግ ብዬ ጀመርኩ። አልሸጣትም አሉ። አይሸጧትም አልኩ። በዚህ ተስማማን።

ዋሪዮ ስልኩን ማቆሚያው ላይ አሰረ። ብርሃን ከፊት ነው፣ ነፋስ የለም፣ ቡሬ ቆማ ታመሰኳለች። ኦቦ ጎልቻ ግን ስልኩን አያዩትም፤ ወደ ጎን ወደ ጥጃዎቹ ያያሉ። እኔም የኮርሱ ምክር ትዝ አለኝና «አባቴ፣ እዚህ ውስጥ ሰው አለ ብለው ያናግሩት» አልኳቸው።

«ሰው አለ?»

«አለ። አዲስ አበባ ያሉ መምህራን ያዩናል።»

«ትላልቅ ሰዎች ናቸው?»

«ትላልቅ ናቸው።»

ተነሥተው ኩታቸውን አስተካከሉ። ዋሪዮ ነካው፤ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ ጀመረች። «የዛሬው ትምህርታችን» ከማለቴ ኦቦ ጎልቻ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«በርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ቆይ እስቲ። ሰው ሰላም ሳይባል ወሬ ይጀመራል?»

ከዚያ ወደ ስልኩ ዞሩ። «አካም ጅርቱ?» አሉ፤ እንደምን አላችሁ ነው። ብለውም ጠበቁ። ስልኩ ዝም አለ። ጥቂት ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አይሰሙም?»

«ይሰማሉ።»

«ታዲያ ለምን አይመልሱም?»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ቀረጻ ነው፣ ኋላ ነው የሚያዩት ብል ማስረዳቱ ብቻ አምስት ደቂቃ ይበላል። ስለዚህ በፈታኞቼ ስም «ናጋ» ብዬ መለስኩ፤ ሰላም ነን። ሰውየው ደስ አላቸው።

«ቤት ናጋ?»

«ናጋ።»

«ልጆች ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሎን ናጋ?»

ሎን ከብቶች ናቸው። ፈታኞቼን አላውቃቸውም፤ ምናልባት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ግን ትልቅ ሰው ከብት የለውም ብዬ ለኦቦ ጎልቻ መንገር መርዶ እንደማርዳት ሆነብኝ። «ናጋ» አልኩ። ዋሪዮ ከስልኩ ኋላ ሁለት ጣቱን አሳየኝ፤ ሁለት ደቂቃ አልፏል።

«ዝናብስ?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ናጋ ብዬ ማለፍ ስችል እውነቱን ተናገርኩ። «አዲስ አበባ ዝናብ ጥሩ ነው። ውሃው መንገድ ላይ ይተኛል።»

«ውሃ መንገድ ላይ ይተኛል?»

«ይተኛል።»

«ከብት ያጠጡታል?»

«አያጠጡም፤ መኪና ያልፍበታል።»

ኦቦ ጎልቻ ስልኩን በአዲስ ዓይን አዩት። ውሃ መንገድ ላይ ተኝቶ ከብት የማያጠጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም፤ ግን ጨዋ ናቸውና አልዘለፉም። እዚህ ውሃ ስንት እርምጃ ተሄዶ እንደሚገኝ፣ ጉድጓድ እንዴት እንደሚጠረግ፣ ተራ እንዴት እንደሚያዝ በእርጋታ መከሯቸው። ዋሪዮ አራት ጣት አሳየኝ። በዚህ መሀል ጎረቤታቸው አንድ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ ቆሙና ማንን እያነጋገራችሁ ነው አሉ። «የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ውስጥ ናቸው» አሏቸው ኦቦ ጎልቻ። ሽማግሌውም ስልኩ ፊት ቆመው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«አካም ጅርቱ?»

«ናጋ» አልኩ። ምን አማራጭ አለኝ።

ሰላምታው ሲያበቃ ኦቦ ጎልቻ አልረሱኝም። ወደ ቡሬ ሄደው፣ በአንድ እጃቸው አፍንጫዋን፣ በሌላው መንጋጋዋን ይዘው፣ እንደ በር ከፈቱት። እንዲህ ያለ አከፋፈት በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ቡሬም ምላሷን አወጣች። ስልኩ ጢው አለና ዘጋ።

አንድ ተስፋ ነበረችኝ። እዚያ ኔትወርክ የለም፤ ሦስት ወር ግንብ ላይ ያስወጣኝ ኔትወርክ ዛሬ እንኳ ቢያስቀርልኝ አልኩ። ባጃጃችን ከተማ ሲገባ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቪዲዮዎ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ የፈጠነ ኔትወርክ አይቼ አላውቅም። ዋሪዮ አነበበውና «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

ማታ ራሄል እንዴት ሆነልህ ብላ ስትጠይቀኝ ማውራቱ አቃተኝና ቪዲዮውን ላክሁላት። ከዚያ ሁለት ቀን አልደወልኩም። አፍሬ ነው። ዶሎ ያለው ቦታ ለሌላ ሰው መሰጠቱ እንደማይቀር አውቄዋለሁ፤ እንዴት ብዬ ልንገራት የሚለውን ነበር የማወጣ የማወርደው።

ማክሰኞ መልስ መጣ። ሰላምታው ደስ ይላል፣ ትምህርቱ ግን አልታየንም ይላል። ተማሪ ከቪዲዮው አንድ ነገር እንደተማረ የሚያሳይ ማስረጃ በሦስት ቀን ካላቀረቡ ኮርሱን እንዳልጨረሱ ይቆጠራል። ካላስተማርኩት ነገር የተማረ ሰው ከየት አመጣለሁ? ደወልኩላትና «ራሄል፣ አልተሳካም። የዚህ ዓመቱን ተይው» አልኳት።

«ልጅህ ስልኬን ከቀማችኝ ሦስት ቀን ሆነ» አለችኝ። «ያንን ቪዲዮ ብቻ ነው የምታየው። ቆይ፣ ዝም ብለህ እይ።»

ምስሉ ተንቀጠቀጠና ሲፈን ታየች። የእናቷን ነጠላ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዛለች። ወደ ስልኩ ቀረብ ብላ ቆመች።

«አካም ጅርቱ?» አለች። ብላም ጠበቀች፤ ልክ እንደ ኦቦ ጎልቻ። ወደ እናቷ ዞራ «አይሰሙም?» አለቻት።

«ናጋ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ሎን ናጋ?»

«ናጋ፣ የኔ ልጅ።»

ምስሉ በዚያ ቀን አልቆመም። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጄ ከእኔ የተማረችው ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እሱንም ያስተማርኳት ሳላውቀው ነው።

ራሄል የምትሠራውን ታውቃለች፤ ቀርጻው ኖሯል። «ለሰዎችህ ላክላቸው» አለችኝ። እኔም ቅጹን ከፍቼ የላምን ዕድሜ በጥርሷ ማወቅ የሚለውን አጥፍቼ፣ ሰላምታ በእኛ አገር ብዬ ጻፍኩበት። መምህር ያልሆነ ሰው ማጭበርበር ይለው ይሆናል። እኛ የዓላማ ማሻሻያ እንለዋለን። ተማሪ በሚለው ቦታ ሲፈን፣ ዕድሜ በሚለው ሦስት ብዬ ሞላሁ።

አልፈዋል የሚል መልስ መጣ። ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ከፈተናው ውጪ፣ ላሟ ግን ስንት ዓመቷ ነው? ኦቦ ጎልቻ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ያ ክፉ ድርቅ ለቆ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ነው የተወለደች፣ እየዘነበብኝ ነው ከእናቷ የተቀበልኳት አሉ። እሱ ስንት ዓመት ይሆናል ስላቸው ገርሟቸው አዩኝ። ያሉትን እንዳለ ጽፌ ለፈታኞቹ ላክሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልጻፉልኝም።

ወረቀቱን ይዤ ዶሎ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን በመኪና ተቀጠቀጥኩ። ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ራሄል ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ከቀሚሷ ኋላ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ባለፈው ጊዜ ሮጬ ላቅፋት ብዬ ነበር ያስለቀስኳት። አሁን ከራቅሁበት ሳልጠጋ ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«አካም ጅርቱ?» አልኩ፤ ብዬም ጠበቅሁ።

ራሄል ልትናገር ስትል እንድትተው በዓይኔ ለመንኳት።

«ናጋ» አለች ሲፈን። ግማሽ ፊቷ ወጣ። «ሎን ናጋ?»

አንድም ከብት የለኝም። «ናጋ» አልኳት።

«ዝናብስ?»

«ጥሩ ነው። ውሃው መንገድ ላይ ይተኛል።»

ይህንን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ስትጠብቀው ኖሯል። ከቀሚሱ ኋላ ሙሉ በሙሉ ወጥታ ከት ብላ ሳቀች፤ አፏ ተከፍቶ ከላይም ከታችም ጥርሶቿ ታዩኝ።

«ስንት እንደሆኑ አትቆጥራቸውም?» አለችኝ ራሄል።

አልቆጠርኳቸውም። ዕድሜዋን አውቃለሁ፤ ስትወለድ ነበርኩ።